የእማዬ ሦስት ህመሞች

እማዬን ያሠቃያት የነበረው አንድ ህመም አልነበረም። ሦስት ነበሩ። ይህ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ይጨመራል፣ እሷ ግን ያው ናት። ከታወቀ በኋላ ለእያንዳንዱ የየራሱ መላ ተገኘለት። ለሌሎች አስታማሚዎች የምነግረው ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ ከመጀመሪያው ልበለው።

በሽታዋ የጡት ካንሰር ነበር። ወደ አጥንት ሄዶ አከርካሪዋንም ዳሌዋንም ነክቷል። ሐኪሞቹ ማዳን እንደማይቻል በግልጽ ነገሩን። እሺ አልን። እሺ ያላልኩት "ካንሰር እኮ ነው፣ ማመሙ አይቀርም" የሚለውን ነው። ዘመድም ጎረቤትም ይህን ይላል፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲለውም ሰምቻለሁ። በሽታው አይድንም ማለት ሌላ፣ ህመሙን ማስታገስ አይቻልም ማለት ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ህመምን ስለማስታገስ የመጀመሪያ መመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ደግሞ ከዚያም በጣም የቆየ ነው። ስለዚህ "ቻይው" የሚለው መልስ ለእኔ መልስ አልሆነልኝም።

የመጀመሪያዋ እንቅፋት ግን ራሷ እማዬ ነበረች። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድርና ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ሌላ ሰው ትሆናለች።

"እማማ፣ ህመሙ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ ዶክተር፣ ዛሬስ ይሻለኛል።"

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እበግናለሁ። አንድ ማታ ለምን እንደምትደብቅ ጠየቅኳት። ያመኛል ካልኩ በሽታው ገፍቷል ብለው ሌላውን ህክምና ያቆሙብኛል አለችኝ። ደግሞ ሐኪሙን ማስቸገር አትወድም። እኔንም ማስጨነቅ አትፈልግም። ብዙ በሽተኛ እንዲህ እንደሚያስብ በኋላ ነው ከነርሷ የሰማሁት። ተስማማን፤ እሷ ሐኪም ፊት መናገር አይጠበቅባትም፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ ይናገርላታል።

ደብተር ገዛሁ። ሆስፒታል ውስጥ ህመምን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ይጠይቃሉ። ዜሮ ምንም አያምም፣ አሥር ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። እማዬ ግን ቁጥሩ አልገባትም። "ሰባትና ስምንትን ምን ይለያቸዋል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ የራሳችንን መለኪያ አወጣን። በጎንሽ ትተኛለሽ? ምግብ እስክትጨርሺ መቀመጥ ትችያለሽ? ሰው ሲያወራሽ ትሰሚያለሽ ወይስ ልብሽ ህመሙ ላይ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ህመም ሲበረታባት ዝም ትላለች፣ "እ" ብቻ ትላለች። ያንን ጻፍኩ።

ከዚያ ሌላ የምጽፈው ይህ ነበር፦ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ ምን ምን ይልሻል፣ መቼ ይመጣል፣ ምን ያብሰዋል፣ መድኃኒቱ ከወሰድሽው በኋላ ለስንት ሰዓት ያቆየልሻል። በተለይ የመጨረሻው። "መድኃኒቱ አይሠራም" ማለትና "ይሠራል፣ ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ ይለቃል" ማለት ለሐኪም በጣም የተለያየ ወሬ ነው።

ደብተሩን በደንብ ያነበበችው የፓሊየቲቭ ኬር ሐኪም ናት። ፓሊየቲቭ ኬር ማለት በሽታውን ማዳን ሳይሆን ስቃዩን ማስታገስ ላይ የሚያተኩር ህክምና ነው። ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚሰጥ ይመስለናል፤ አይደለም፣ ከሌላው ህክምና ጎን ለጎን ይሄዳል። ሐኪሟ ገጾቹን አገላብጣ እስክሪብቶ አነሳችና ሦስት ነገር አከበበች።

አንደኛው ዳሌዋ ላይ ያለው ነው። ከባድ፣ ድፍን ያለ፣ ስትነሳና ስትንቀሳቀስ የሚብስ። ይህ የአጥንት ነው። ሁለተኛው ከወገቧ ተነስቶ በእግሯ የሚወርድ ነው። እማዬ "ያቃጥለኛል፣ ከዚያ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል" ያለችው። ይህ የተጫነ ነርቭ ነው። ሦስተኛው የሆድ ቁርጠት ነው። ካንሰሩ ሆድ ገብቷል ብለን ስንፈራ የነበረው። ሐኪሟ እማዬ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አየችና "ስንት ቀን ሆናቸው ሽንት ቤት ከተቀመጡ?" አለች። የሆድ ድርቀት ነበር። ትወስደው ከነበረው ኮዴይን ከሚባል የህመም ማስታገሻ የመጣ።

ከሦስቱ ቶሎ የተፈታው የመጨረሻው ነው። ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ሞርፊን፣ ሁሉም አንጀትን ያሰንፋሉ። ማቅለሽለሹም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱም ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ እንደ ሴና ወይም ቢሳኮዲል ያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከነዚህ ጋር አብሮ፣ በዚያው ቀን ይጀመራል፤ ሆድ እስኪደርቅ አይጠበቅም። ሞርፊን ታዞ ይህ ካልታዘዘ ጠይቁ። ሳታፍሩ ጠይቁ።

የነርቩ ሌላ ታሪክ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ህመም የተለመደው ማስታገሻ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ ዶዝ ማታ ማታ እንድትወስድ ታዘዘላት። ጋባፔንቲን የሚታዘዝለትም አለ። አሚትሪፕቲሊን ድሮ የድብርት መድኃኒት ነው። እማዬ ይህን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ "እኔ እግሬን ነው ያመመኝ፣ ጭንቅላቴን ማን ነካው?" ብላ አኮረፈች። የነርቭን ጩኸት ለማብረድም እንደሚሰጥ ሐኪሟ ራሷ ደውላ ካስረዳቻት በኋላ ነው የዋጠችው። አፏን አደረቃት፣ እንቅልፍ ግን ሰጣት። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች በአንድ ሌሊት አይሠሩም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ለአጥንቱ የጨረር ህክምና ተባለ። ጨረር ካንሰርን ለማዳን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለህመምም ይሰጣል። ለአጥንት ህመም ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ መሰጠቱ ይበቃል፤ ለሳምንታት መመላለስ አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመሙ ጭራሽ ሊነሳ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውናል፣ ተነሳም። ማስጠንቀቂያው ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ "ጨረሩ ጎዳት" ብሎ ይነሳ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዳሌዋ ቀለላት። ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ በጎኗ መተኛት ግን ቻለች።

አሁን ወደ ሞርፊን ልምጣ፤ ትልቁ ጦርነት እዚህ ነበር።

አጎቴ "ሞርፊን ከጀመረች አለቀላት" አለ። አክስቴ "ሱስ ይዟት ይቀራል" አለች። እማዬ ራሷ ደግሞ "አሁን ከወሰድኩት በኋላ ሲብስብኝ ምን ይቀርልኛል?" አለች። ከሁሉም የእሷ ጥያቄ ከባድ ነው፣ መልሱ ግን ቀላል ነበር። ሞርፊን ለካንሰር ህመም "ከዚህ በላይ አይኬድም" የሚባል ቁርጥ ያለ ጣሪያ የለውም። ከትንሽ ይጀመራል፣ ህመሙ ሲጨምር ሐኪም እያየ ይጨምረዋል። ለነገ ተብሎ የሚቆጠብ ነገር አይደለም። የአክስቴን በተመለከተ፣ ሰውነት መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ለዚህም ነው በድንገት የማይቆመው። ሱስ ግን ሌላ ነገር ነው። ለህመም በሐኪም ክትትል የሚወስድ የካንሰር በሽተኛ ላይ ዋናው ስጋት እሱ አይደለም።

አጎቴን ያሸነፍኩት በኮዴይን ነው። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ህመም የሚያስታግሰው ከፊሉ ወደ ሞርፊን ተለውጦ ነው። ይህን የሚለውጠው ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ በተፈጥሮ ይህ ኢንዛይም የማይሠራላቸው ሰዎች ኮዴይን እምብዛም አይጠቅማቸውም። ስለዚህ እማዬ ሞርፊን ከጀመረች ቆይታለች፣ ዞሮ ዞሮ እየገባላት ነበር አልኩት። ትንሽ አሰበና "ታዲያ በቀጥታ አይሰጧትም?" አለ። ከዚያ በኋላ ዋና ጠበቃዬ ሆነ።

ሞርፊን ላይ ለውጥ ያመጣው መጠኑ ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ህመሙ እስኪመጣ ጠብቆ መስጠት ወተቱ ከገነፈለ በኋላ እሳት እንደመቀነስ ነው። ፈሳሹ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፣ አመማትም አላመማትም። ቀስ ብሎ የሚለቀው ክኒን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው። ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ ሞላሁ። ሐኪሟ የመኝታውን ዶዝ ከፍ አድርጋ ሌሊት የሚሰጠውን አስቀረችልን፣ እኔም እማዬም ተኛን። ይህ በሐኪም ትእዛዝ የሚሆን ነው፤ በራስ ሂሳብ አይደለም።

ከመደበኛው ሌላ የመጠባበቂያ ዶዝ አለ። በመሃል ህመም ጥሶ ሲመጣ የሚሰጥ ነው። መጠኑ ከቀኑ ጠቅላላ ሞርፊን ተሰልቶ በሐኪም ይጻፋል። እያንዳንዱን ከነሰዓቱ እጽፍ ነበር። መጠባበቂያው ሲበዛ ሐኪሟ መደበኛውን ታሳድገዋለች። ደብተሩ ባይኖር በምን ታውቃለች? አንድ ጥሩ ዘዴ ደግሞ ነርሷ አሳየችኝ። ገላዋን ከማጠባችን ወይም ወደ ሆስፒታል ከማንቀሳቀሳችን ግማሽ ሰዓት በፊት መጠባበቂያውን እንሰጣለን። መታጠብ የሚያስለቅሳት ሴት ጨዋታ ጀመረች።

ቀስ ብሎ የሚለቀውን ክኒን ፈጭቶ ወይም ሰብሮ መስጠት አይቻልም። የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል፣ ሊገድል ይችላል። መዋጥ ለሚቸገር ሰው ፈሳሽ አለ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፈንታኒልም አለ። የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። ግን መሥራት ለመጀመር ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ለድንገተኛ ህመም አይሆንም። ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ላልለመደ ሰው አይሰጥም። ላዩ ላይ የሙቅ ውኃ ከረጢት ማድረግም ክልክል ነው፤ ሙቀት መድኃኒቱን ከልክ በላይ ያስገባዋል።

የሚያስፈራውንም ልናገር። ሰውየው ተቀስቅሶ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ በጣም ከዘገየ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ይደወላል። አንድ ሰሞን እማዬ እጇ እየደነገጠ ይነጥር ጀመር፣ የሌለ ሰው ታያለች። ደወልኩ። ደም አስመረመሩ፣ ኩላሊቷ ደክሟል። ኩላሊት ሲደክም የሞርፊን ዝቃጭ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ሌላ መድኃኒት ቀየሩላት፣ ጭንቅላቷ ጠራ። ኢቡፕሮፌንን ለአጥንቷ ያልሰጧትም ለኩላሊቷ ብለው ነበር።

ሌላው የማይታለፍ ምልክት፦ ካንሰሩ አከርካሪ የነካው ሰው አዲስ የጀርባ ህመም ከተነሳበት፣ እግሩ ከከዳው ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቱ ከተያዘ፣ ማስታገሻ ጨምሮ መጠበቅ አይቻልም። ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ካልሆነ እግር ላይመለስ ይችላል።

ሦስቱ ህመሞች ከተያዙ በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ የማይገባኝ ነገር ቀረ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መጠባበቂያ ትጠይቃለች። ቀን ላይ ያው ቦታ አያማትም። ነርሷ "ሌሊት ምንድን ነው የምታስበው?" አለችኝ። ሆስፒስ የሚባለውን፣ ለማይድኑ በሽተኞች የሚደረገውን ዘመናዊ እንክብካቤ የጀመሩት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ የአካል ህመም ከፍርሃት፣ ከብቸኝነትና ከገንዘብ ጭንቀት ጋር ተደራርቦ እንደሚመጣ አስተምረው ነበር። እማዬን ጠየቅኳት። ማንም የማያውቀው የጎረቤት ብድር ነበረባት። ሳልከፍል ልሞት ነው ብላ ትብሰለሰላለች። በማግስቱ ከፈልን። የሌሊቱ መጠባበቂያ ቀነሰ። ጠፋ አልልም፣ ቀነሰ።

መጨረሻ ላይ መዋጥ አቃታት። ሞርፊንን ለኩላሊቷ ሲሉ አስቀድመው ስላቆሙት የተቀየረላት መድኃኒት ከቆዳ ሥር በቀጭን መርፌ ይገባላት ጀመር። መናገር ስታቆም ፊቷን ነበር የምናነበው፤ ግንባሯ ሲኮማተር፣ ስናዞራት ስታቃስት። አይናገርም ማለት አያመውም ማለት አይደለም።

ከቀብሯ በኋላ አክስቴ ለብቻዬ ጠራችኝና "የመጨረሻው መርፌ ይሆን?" አለች። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሹክሹክታ። ለሰዓታት ያንኑ መጠን ስትወስድ እንደነበር፣ የመጨረሻው ከቀደሙት እንደማይበልጥ፣ በአግባቡ የተለካ ማስታገሻ ሞትን እንደማያፋጥን ነገርኳት። የገደላት ካንሰሩ ነው። ሙሉ በሙሉ አመነችኝ ለማለት አልደፍርም። ደብተሩን ሰጠኋት፣ ለቀናት ይዛው ቆየች።

የተረፈውን መድኃኒት ለፋርማሲው መለስኩ። አንዲት የምናውቃት ሴት ለታመመ ባሏ ለምናኝ ነበር፣ አዝኜ ነው እምቢ ያልኳት። ለእማዬ የተለካ ዶዝ፣ ሞርፊንና መሰሉን ላልለመደ ሰው መርዝ ነው። በምትኩ የሐኪሟን ስልክ ሰጠኋት፤ ባሏ ደህና ነኝ ባይ ከሆነ ደግሞ ደብተር እንድትገዛ ነገርኳት።