የትንሿ መኪና ክብደት

ሥራዬ በጭነት መኪና ሻንሲ፣ ማለትም ጎማና ሞተር በሚሸከመው የብረት አካል ላይ መኖሪያ ክፍል መሥራት ነው። አልጋው፣ ወጥ ቤቱ፣ የውሃ ታንከሩ፣ ባትሪው ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ መኪና ጭቃና አሸዋ ይደፍራል፤ ጠባብ መንገድ ሲገጥመው ግን ይቆማል። አንድ ቦታ ካረፈ በኋላም ለትንሽ ጉዳይ ቤቱን ሁሉ ነቅሎ መሄድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ደንበኛችን «ከኋላ የሚጫን ትንሽ ፎር ዊል ፈልጉልኝ» ሲሉ ጥያቄው አልገረመኝም። ባለአራት ጎማ ሞተር ልጠቁማቸው ስል ግን አቋረጡኝ። «ባለቤቴ ጉልበቷ አይታጠፍም። እግሯን አንስታ መፈናጠጥ አትችልም። የሚቀመጡበት ወንበር ያለው ይሁን።»

ፍለጋውን ወደድኩት። አዲሱ ሱዙኪ ጂምኒ ለመንዳት ግሩም ነው፤ ክብደቱ ግን 1,090 ኪሎ ገደማ፣ ርዝመቱም ወደ 3.5 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ፊያት ፓንዳ ፎር ባይ ፎር 740 ኪሎ ይመዝናል፤ እሱም ረዘመብን። ልቤ የነበረው ሃፍሊንገር በተባለ ትንሽ ፎር ዊል ላይ ነው። ከ1959 እስከ 1974 ኦስትሪያ ውስጥ የተሠራ፣ 2.83 ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ የሁለቱም አክስል (ግራና ቀኝ ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ) ዲፈረንሻል የሚቆለፍለት፣ አንዱ ጎማ ቢንሸራተት ሌላው እንዲጎትት የሚያደርግ ድንቅ ሥራ ነው። በደህና ይዞታ ያለ ግን አላገኘንም።

በመጨረሻ የተገኘችው በ1970 መሠራት የጀመረችው የሱዙኪ ኤልጄ 10 ናት። ያኔ የጃፓን ደንብ ለትንንሽ መኪኖች ከ3 ሜትር ርዝመት፣ ከ1.3 ሜትር ወርድና ከ360 ሲሲ ሞተር በላይ አይፈቅድም ነበር። እሷ 2,995 ሚሊሜትር ናት። ትርፍ ጎማዋ ከኋላ ቢሰቀል ልኩን ታልፍ ስለነበር ከውስጥ የአንድ ሰው ቦታ እንዲይዝ ተደረገ። ክብደቷ 590 ኪሎ ነው። መጫኛውና እሷን ጎትቶ የሚያወጣው ዊንች ሲጨመሩ 750 ኪሎ ሆነ። የጭነት መኪናችን ጠቅላላ የተፈቀደለት 10,000 ኪሎ ነው፤ እኛ 8,700 ላይ ነበርን። ደመርኩና «ይበቃል፣ ይተርፋል» አልኩ።

እሷ ከኋላ ስትጫን የጭነት መኪናው ጅራት እንደሚረዝም ታይቶኝ ነበር። ያሳሰበኝ ግን ከጉድጓድ ስንወጣ መሬት እንዳይነካ ብቻ ስለሆነ መጫኛውን ከፍ አድርገን በየድነው።

ለሙከራ ስንወጣ ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት ላይ መሪውን አዞርኩ፤ መኪናው ግን ወዲያው አልታዘዘኝም። ፊቱ ትንሽ ቀጥታ ተንሸራቶ ከቆየ በኋላ ነው የዞረው። የጎማ ንፋስ ነው ብዬ ወርጄ ንፋሱን መለካት ጀመርኩ። አብሮኝ የነበረው ወጣት በያጅ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ የፊት ባሌስትራው እኮ ጭነት ቀሎት ይበልጥ ጎብጧል። ስንወጣ እንዲህ አልነበረም» አለኝ።

በቀስታ ነድተን ወደ ሚዛን ሄድን። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ መዘንን። ሳይጫን 3,400 የነበረው የፊት አክስል 3,060 ሆኗል። የኋላው ከ5,300 ወደ 6,390 ወጥቷል፤ የተፈቀደለት ደግሞ 6,200 ነው። የጫንነው 750 ሆኖ ሳለ የኋላው አክስል የተቀበለው 1,090 ኪሎ ነው! ትርፉ ከፊት የተነሳው ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 4.8 ሜትር አለ፤ የትንሿ መኪና ክብደት መሃል ደግሞ ከኋላው አክስል 2.2 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቷል። እንደ መፈንቅል ፊቱን ታነሳዋለች። ሒሳቡ ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ ግን ድምሩን ብቻ ሠርቼ አንድ ቤተሰብ የሚጓዝበትን መሪ አቅልዬዋለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ልጁ ጎንበስ ባይል ኖሮ መኪናውን ላስረክብ ነበርና።

በማግስቱ ለደንበኛው የሆነውን ሳልሸሽግ ነገርኳቸው፤ የተበየደውንም በራሳችን ወጪ ፈታን። የኤልጄ 10 የፊት መስታወት ወደፊት ይታጠፋል፤ ኮፈኗም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አልጋውን ከፍ አድርገን አፍንጫዋ 1.1 ሜትር ያህል ከሥሩ እንዲገባ ቦታ አወጣን። የጭነት መኪናውን ሁለት ትርፍ ጎማዎች፣ ባትሪዎቹንና የመሣሪያ ሳጥኑን፣ በድምሩ 320 ኪሎ፣ ከኋላ አንስተን ከጋቢናው ጀርባ አደረግን። ውሃውን ለዚህ አልተማመንኩበትም፤ እየተጠጣ ያልቃልና። ድጋሚ ስንመዝን ፊቱ 3,430፣ ኋላው 6,020 ሆነ።

አልጋው ከፍ ሲል ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ጉልበታቸው የማይታጠፈው እናት እንዴት ሊወጡ ነው? በዚህኛው ሒሳብ አልሠራሁም። ደረጃውን ከመበየዳችን በፊት በጣውላ ሠርተን እሳቸውን ጠራናቸው። ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፤ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆም አሉ።

«ይሄኛው በአራት ጣት ዝቅ ቢል፣ ልጄ፣ እጄንም የምደግፍበት ነገር በግራ በኩል ቢኖር።»

ዝቅ አደረግነው፤ መያዣውንም በግራ በየድነው።