የፓሪስ ኦሊምፒክ መዝጊያ ከአዳማ ሲታይ

የፓሪስ ኦሊምፒክ የመዝጊያ ሥነ ሥርዓት የተካሄደው ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ሲሆን፣ ስርጭቱ የጀመረው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ላይ ነበር። ወቅቱ ፍልሰታ በመሆኑ እናቴ በጊዜ ትተኛ የነበረ ቢሆንም፣ በዚያች ምሽት ግን እዚሁ አዳማ ቤታችን ቡና አፍልታ ከእኔና ከአጎቴ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ያስቀመጣት ርችቱም ሙዚቃውም አልነበረም፤ የሴቶች ማራቶን ሜዳሊያ የሚሰጠው በዚሁ ሥነ ሥርዓት ላይ መሆኑን ስለነገርኳት ነው።

ኦሊምፒክን በመጨረሻው ቀን የመዝጋት ክብር ለረጅም ዘመን የወንዶች ማራቶን ነበር። ፓሪስ ይህን ለውጣ የወንዶቹን ቅዳሜ፣ የሴቶቹን እሑድ አደረገች፤ የውድድሩ መስመር ወደ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለሰውም የፓሪስ ሴቶች በ1789 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ያደረጉትን ጉዞ ለማሰብ ነው። ቅዳሜ ዕለት ታምራት ቶላ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በመስበር ብቸኛውን ወርቃችንን ስላመጣልን፣ እሑድ ጠዋት ከተማው ሁሉ ሌላ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። ሆኖም ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በመግባት አንደኛ ስትሆን፣ ትዕግስት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች መታጠፊያው ላይ ሁለቱ ተጋጭተው ስለነበር ከእኛ በኩል አቤቱታ ቢቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። ጠዋቱን ሙሉ በሰፈራችን የተወራው ይኸው ነበር፤ እኔም ብሆን ተናድጄ ነበር የዋልኩት።

ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሦስቱ ሴቶች በስታድ ደ ፍራንስ፣ በዓለም አትሌቶች ሁሉ ፊት ሜዳሊያቸውን ለመቀበል ሲወጡ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። ሲፋን ሂጃቧን ለብሳ ከፍ ካለው መድረክ ላይ ቆማለች፤ በአንድ በኩል ትዕግስት፣ በሌላው በኩል ኬንያዊቷ ሔለን ኦቢሪ አሉ። የተዘመረው የኔዘርላንድስ መዝሙር ነው፤ የተሰቀሉትም የኔዘርላንድስ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ሰንደቅ ዓላማዎች ናቸው። ሲፋን የተወለደችው እዚሁ አዳማ ሲሆን፣ በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ነው ወደ ኔዘርላንድስ የሄደችው። እናቴ ሲኒውን በእጇ እንደያዘች፣ ሳትጠጣም ሳታስቀምጥም፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ዝም ብላ አየች። ከዚያ «የሁለቱም እናቶች ዛሬ አይተኙም» አለች። ጠዋት በልቤ የነበረው ንዴት ያን ጊዜ ወጣልኝ ማለት እችላለሁ፤ ለትዕግስት ያለኝ ቁጭት ግን ዛሬም አለ። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረች፣ ቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ ሆና በሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረች ሴት፣ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በ3 ሰከንድ ስትቀደም ማየት ከባድ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ሁለተኛው ነገር የችቦው አጠፋፍ ነው። በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ የነበረው ትልቁ ችቦ በመብራትና በውሃ ጉም የተሠራ እንጂ እሳት አልነበረም፤ እውነተኛው እሳት የነበረው በትንሽ ፋኖስ ውስጥ ነው። ያችን ፋኖስ ፈረንሳዊው ዋናተኛ ሊዮን ማርሻን ይዟት እስከ ስታዲየሙ መጣ። በመጨረሻም ከየአህጉሩ የተመረጡ አትሌቶችና ከስደተኞች ቡድን ሲንዲ ንጋምባ በዙሪያው ቆመው አብረው እፍ ብለው አጠፏት። አፍሪካን ወክሎ የቆመው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነበር፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማራቶኑን ሳይጨርስ ያቋረጠው ያው ኪፕቾጌ። ቤት ውስጥ ኩራዝ እፍ ብለን እንደምናጠፋው ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ሥራና ወጪ የሚዘጋ ነገር እንዲህ ትንሽ መሆኑ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለተሰማው ፒያኖም ሆነ ስለ ወርቃማው ተጓዥ ትርኢት ብዙ የምለው የለኝም፤ ውበት ቢኖረውም ረዝሞብኛል።

ባንዲራው ለቀጣዩ አዘጋጅ ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥና ቶም ክሩዝ ከስታዲየሙ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ እኔና እናቴ ስንስቅ፣ አጎቴ ግን አልሳቁም። ሎስ አንጀለስ በ1976 ዓ.ም. ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ ኢትዮጵያ በሶቪየት ኅብረት የተመራውን አድማ ተቀላቅላ ሳትሄድ መቅረቷን፣ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውም በዚያው ዓመት መሆኑን ነገሩን። ሯጮቻችን በዝግጅት ላይ እያሉ መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። ከዚያ በኋላ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ ቲኪ ገላና ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ በማራቶን ወርቅ ቢያመጡም፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ገና አልሮጥንም። አጎቴ በጣታቸው ቆጥረው «በ2020 ስንሄድ 44 ዓመት ይሞላዋል» አሉ።

እናቴ ሲኒዎቹን በረከቦቱ ላይ ሰብስባ ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ትዕግስትስ ያኔ ትሮጣለች?» ብላ ጠየቀችን።