የትኛውን የቫዮሊን መጽሐፍ ልግዛለት?

ልጃቸውን ቫዮሊን ያስጀመሩ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔ ባሕር ዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሽ ልጆች አስተምራለሁ፣ ጥያቄው ግን ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም በቴሌግራም ይመጣል። አንዳንዱ የመጽሐፉን ሽፋን ፎቶ አንስቶ «መምህር፣ ይሄ ይሆናል?» ይላል፣ አንዳንዱ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መጽሐፉን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። ልጁ ሲለማመድ አጠገቡ የሚቀመጠው ማነው? የጀማሪ ቫዮሊን መጽሐፍን በትክክል የሚያነበው አስተማሪው ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሥዕሉን ያያል፣ ኖታውን ይከተላል፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማብራሪያ ግን ዘሎት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ አስተማሪ አግኝቶ ቤት ደግሞ እናቱ ወይም አባቱ አብረውት የሚቀመጡ ልጅ፣ ክፍል ሙሉ ልጆች መሀል ቆሞ ከሚማር ልጅ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይስማማቸውም። በዩቲዩብ ብቻ ለሚማር ልጅ ደግሞ መጽሐፍ አልመርጥም። ሰው ፈልጉለት። የቀስት አያያዝ በሥዕል አይገባም፣ የተጣመመ የእጅ አንጓም ራሱን አይቶ አይቃናም።

ስሙ ከሁሉ የገነነው ሱዙኪ ነው። ሺኒቺ ሱዙኪ ጃፓናዊ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ናጎያ ከተማ ተወልዶ በ1998 ነው ያረፈው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ አፉን የሚፈታው ሰምቶ ሰምቶ ነው፣ ሙዚቃም በዚያው መንገድ ይግባው የሚል። ልጁ ዜማዎቹን ቤት ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል፣ ወላጅ ትምህርቱ ላይ ይገኛል፣ ኖታ ማንበብ ቆይቶ ይመጣል። ይሄ ለጎጃም ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? ዜማ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚይዘው የመምህሩን ድምፅ ነው፤ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ድፋት፣ ሂደት፣ ርክርክ የሰማውን እንዲያስታውሰው ነው እንጂ ያልሰማውን እንዲነግረው አይደለም። አባትየው በዚያ ቤት ያለፈ ከሆነ ሱዙኪን ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅብኝም፣ ገና ሳልጨርስ «ገባኝ» ይለኛል።

ችግሩ መጽሐፉን ብቻ ገዝተው ሲያመጡ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ 17 ዜማዎች አሉት፤ «ቱዊንክል» በተለያየ ምት ተደጋግሞ ይጀምርና መጨረሻው ላይ የባኽ ሜኑዌቶችና የጎሴክ ጋቮት ይደርሳል። ማብራሪያው በጣም ጥቂት ነው። ለምን? የሚያብራራው አስተማሪው ነው ተብሎ ስለተሠራ ነዋ! የዜማዎቹን የድምፅ ቅጂ የማይሰማ፣ ወላጁ የማይቀመጥለት ልጅ ሱዙኪን ያዘ ማለት የዘፈን ጥራዝ ያዘ ማለት ነው እንጂ ዘዴውን አላገኘም። ሌላም አለ። ጆሯቸው ስል የሆኑ ልጆች ሁሉንም በቃላቸው ይጫወቱና አንድ መስመር አዲስ ኖታ ሲሰጧቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ስለዚህ ሱዙኪ የምታስጀምሩ ከሆነ ንባቡን የሚያስተምር ሌላ ቀጭን ነገር ከጎኑ ይኑር።

ልጆቹ ብዙ ከሆኑና ዕድሜያቸው ወደ 9፣ 10 ከሄደ እኔ «ኢሴንሻል ኤለመንትስ ፎር ስትሪንግስ»ን እመርጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ ለትምህርት ቤት ክፍል ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ለቪዮላ፣ ለቼሎና ለቤዝ ተመሳሳይ ጥራዝ ስላለው ሁሉም አብረው ይጫወታሉ። ቀስት ሳይነካ ባዶ ክሮችን፣ ማለትም የግራ ጣት ያላረፈባቸውን፣ በጣት ከመምታት ይነሳል፣ ከዚያ ዲ ሜጀርን (ከዲ የሚነሳውን ዶ-ሬ-ሚ) ጣት በጣት ይገነባል፣ ምት ሲያስተምርም አይቸኩልም። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። አዎ፣ ትንሽ ያሰለቻል። ግን ከ4 ሳምንት ሕመም በኋላ የተመለሰ ልጅ የቱ ጋ እንደቆመ የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆች ደግሞ የካቲና የዴቪድ ብላክዌል «ፊድል ታይም ጆገርስ» ሸጋ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ዜማዎች በባዶ ክር ብቻ ይጫወታሉ፣ ከሥር አጃቢ ሲገባላቸው ልጁ ገና ጣቱን ሳያሳርፍ ሙዚቃ የሠራ ይመስለዋል። ደግሞም ሠርቷል።

አሁን በቴሌግራም ስለሚዞሩት ፒዲኤፎች። የሆማን፣ የቮልፋርት የድሮ የቫዮሊን መጻሕፍት... በነፃ ይገኛሉ፣ ዕድሜያቸው ስለገፋ የቅጂ መብትም የላቸውም። ቮልፋርት እ.ኤ.አ. በ1884 ነው የሞተው። ኦፐስ 45 የሚባሉት 60 ልምምዶቹ ዛሬም በየአገሩ ይሠራባቸዋል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ግን ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ። የሚነሱት ከሲ ሜጀር ነው። ኪቦርድ የሚችል ወንድም ወይም አጎት «ሲ ሜጀር እኮ ቀላሉ ነው፣ ጥቁር የለውም» ይላችኋል። ቫዮሊን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አራቱ ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ይባላሉ፣ ጣት የሚቆጠረው ደግሞ ከሌባ ጣት ነው። በሲ ሜጀር ሁለተኛው ጣት ዲ እና ኤ ክር ላይ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፣ ኢ ክር ላይ ሲደርስ ደግሞ ሌባ ጣት ራሱ ወደ አንገቱ ጫፍ ይሸሻል። ዲ ወይም ኤ ሜጀር ላይ ግን ጣቶቹ በሁለት ክር ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይይዛሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ተጠጋግተው፣ ሌላው ተራርቆ። ልጅ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት ይህንን አንድ የእጅ ቅርጽ ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ስታገላብጡ መጀመሪያ የምታዩት ይሄ ይሁን። ጣቶች የሚገቡበትን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱና ኖታዎቹ ፊት ሁለት ሻርፕ (#) ወይም ሦስት ሻርፕ አለ? ጥሩ። ምንም የለም? ለኋላ አስቀምጡት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከላይ የጠራኋቸው መጻሕፍት በሙሉ የልጁ ጆሮ ሜጀር ስኬልን እንደሚያውቅ አድርገው ነው የሚነሱት። የእኛ ልጅ ጆሮ ግን ከትዝታና ከባቲ ቅኝት ጋር ነው ያደገው። ሰርግ ላይ አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወት ሰምቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮው ሲዘፍን ይውላል። አንዳንድ አስተማሪ ይሄን እንደ እንቅፋት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ቫዮሊኑን አንሱና እዩት።

ትዝታ ሜጀርን ከዲ ክር አንሱ። ባዶ ክር፣ አንደኛ ጣት፣ ሁለተኛ ጣት። ከዚያ ወደ ኤ ክር ተሻገሩ፦ ባዶ ክር፣ አንደኛ ጣት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ዝለሉና ሦስተኛ ጣት፣ መነሻው ድምፅ ከፍ ብሎ ተመለሰ። አለቀ! አምስቱም ድምፆች መጽሐፉ በሚያስተምረው የእጅ ቅርጽ ውስጥ ናቸው፣ አንድም ጣት ቦታውን አይለቅም። ይህንኑ ከጂ ክር ወይም ከኤ ክር ብትነሱ ጣቱ ያው ነው። ባቲ ሜጀር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ባዶ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀጥሎ ባለው ክርም ባዶ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለቱ ክሮች ላይ የሚደረገው አንድ ነው። ልጆቼ ይሄን ሲያገኙት ክፍሉ ይናወጣል፣ ሁሉም በየራሱ ይጫወታል፣ ዝም ማሰኘት ጭንቅ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉንና የራስን ዜማ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይጥልም። ድንበሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አምባሰል ሌባ ጣትን ወደ ኋላ ይስባል፣ የመነሻው ክር ላይም ቀጥሎ ባለው ክር ላይም። አንቺሆዬ ትንሿን ጣት ሳትቀር ትጎትታለች። እነዚህን በመጀመሪያው ዓመት ከነካችሁ ገና ያልጸና እጅ ይፈርሳል። ጣት ማሳረፊያ ብላችሁ አንገቱ ላይ የለጠፋችሁት ፕላስተርም ለአምባሰል አይሠራም፣ እዚያ ቦታ ላይ ፕላስተር የለማ! ባቲ ማይነር መሀል ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጣት ወደ ኋላ መሳብ ሲለምድ፣ ማለትም መጽሐፉ ራሱ ያንን ሲያስተምር፣ አብሮ ይግባ። ትዝታ ማይነር ግን ቀጥሎ ባለው ክር ላይ ሌባ ጣትንም ስለሚስብ ትንሽ ይቆይ።

ሁለተኛው ክፍተት ምት ነው። አብዛኞቹ የጀማሪ መጻሕፍት በ4/4 (አራት አራት በሚቆጠር ምት) ረዥም መንገድ ይሄዳሉ፣ 3/4 በመሀል ትገባለች፣ 6/8 ግን ብዙ ጊዜ ዘግይታ ነው የምትመጣው። እዚህ ደግሞ ልጁ ገና እግር ሲተክል የጀመረው ችክችካ ከ6/8 ጋር ነው የሚቀራረበው! እስክስታ የሚመታ ልጅ 6/8ን በትከሻው ያውቀዋል፣ የማያውቀው አጻጻፉን ብቻ ነው። እኔ መጽሐፉ እስኪደርስ አልጠብቅም። ባዶ ዲ ክር ላይ በቀስት ችክችካውን እናወጣለን፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ኖታው ሌላ ቀን ይመጣል።

ይሄ የራስን ዜማ የማስገባት ነገር የእኛ ብቻ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ጀርመናዊው የቫዮሊን አስተማሪ ኤሪክ ዶፍላይን የማስተማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ሃንጋሪያዊውን ቤላ ባርቶክን ዜማ ጠየቀው፤ ባርቶክም እ.ኤ.አ. በ1931 ለሁለት ቫዮሊን 44 አጫጭር ሥራዎችን ጻፈ፣ አብዛኞቹን ከገበሬ ዘፈኖች አንስቶ። የሃንጋሪ፣ የሮማኒያ፣ የስሎቫክ፣ አንድ የአረብ ዜማ ሳይቀር አለበት። አንዱን ክፍል ተማሪው፣ ሌላውን አስተማሪው ይዞ ይጫወቱታል። ለጀማሪ የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው፣ ቢሆንም አሠራሩ ለእኛም ይሆናል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ባለ ኖታ መስመር ደብተር ይይዛል፤ ከሌለ በተራ ደብተር ላይ በማስመሪያ እናሰምራለን። መጽሐፉ ላይ አዲስ ጣት በገባ ቁጥር በዚያ ጣት የምትጫወት አንዲት የቤት ዜማ ደብተሩ ላይ ትጻፋለች። ነሐሴ ላይ የቡሄውን ሆያ ሆዬ፣ ለዕንቁጣጣሽ አበባየሆሽን። እነዚህ ዜማዎች አውጪና ተቀባይ ስላላቸው ለጀማሪ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ረዘም ያለውን አስተማሪው ወይም ትልቁ ተማሪ ያወጣል፣ ትንሹ አጭሯን መቀበያ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ተራ መጠበቅና በሰዓቱ መግባት ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ ላይ ከባዱ ነገር ነው። እናቶች ልጃቸው ሱዙኪ ሲለማመድ ወጥ ቤት ሆነው ዝም ይላሉ፤ አበባየሆሽ ሲጀመር ግን ከዚያው ሆነው «ለምለም» ብለው ይቀበላሉ። የቤት ሥራ ቁጥጥር ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ስለ ግዢው ጥቂት። እዚህ አካባቢ የሙዚቃ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ወይም ኮፒ ነው ያለው። ኮፒ ስታደርጉ ሁለት ነገር ይቀራል። አዳዲሶቹ ኅትመቶች ድምፁን ከኢንተርኔት የሚያስከፍት ኮድ አላቸው፣ ኮፒው ላይ ያ የለም፤ ገጹን አሳንሶ ማተም ደግሞ ለትንሽ ልጅ ዓይን ጠር ነው። ቢያንስ ለክፍሉ አንድ እውነተኛ ቅጂ ይኑር፣ ወላጆች ተዋጥታችሁም ቢሆን።

ቫዮሊኑም ራሱ ልክ መሆን አለበት። እንደ ዩኒፎርም «ያድግበታል» ተብሎ ለ7 ዓመት ልጅ ሙሉ መጠን የሚገዛ አባት በየዓመቱ ይመጣል። ልጁ ክንዱን ዘርግቶ የቫዮሊኑን ጥቅልል ጫፍ በመዳፉ ጨብጦ መያዝ ካልቻለ ትልቅ ነው፤ 1/4 ወይም 1/2 ፈልጉ። በማይመጥን ቫዮሊን የትኛውም መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቆማል፣ ጣት አይደርስማ።

ሁለተኛውን ጥራዝ ደግሞ አብራችሁ አትግዙ። ሻጩ «ሁለቱን ብትወስዱ ይሻላል» ይላችኋል፣ እሺ አትበሉት። በዚያ ብር የኤ እና የኢ መለዋወጫ ክርና ሮዚን (የቀስቱ ፀጉር ላይ የሚቀባውን ሙጫ) ግዙ፣ ኢ ክር ስትበጠስ ለቅሶው ቅዳሜን አይጠብቅም።