«ልጄ፣ ማውዙን አታስነካኝ»

የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ስሠራ መጀመሪያ የተጨነቅኩት ለጀማሪ ነበር። ሰው ገና ሲከፍተው እንዳይደናገጥ ብዬ ምዝገባውን በአምስት ገጽ ከፋፈልኩት። በየገጹ አንድ ጥያቄ፣ ከታች «ቀጥል» የሚል ትልቅ በተን። አዲስ ሰው አስቀምጬ ሞከርኩት። ማንም ሳይረዳው ጨረሰ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ሥራው ላይ ዓመታት የቆዩ አንዲት እናት ሲመዘግቡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። በድሮው ፕሮግራም ሲሠሩ ዓይናቸው ከወረቀቱ አይነሳም ነበር። ኮድ፣ ታብ (ወደ ቀጣዩ ቦታ የምታሻግረው ቁልፍ)፣ ብዛት፣ ታብ፣ ኢንተር። የእኔው ላይ ግን እጃቸው ከኪቦርድ ወደ ማውዝ፣ ከማውዝ ወደ ኪቦርድ ይመላለሳል። ለአንድ ዕቃ አምስት ጊዜ «ቀጥል»። በቀን 200 ዕቃ ለሚመዘግብ ሰው 1,000 ክሊክ ማለት ነው። ጥቂት ታገሱና «ልጄ፣ እባክህ ማውዙን አታስነካኝ» አሉኝ።

መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ሁለት ስክሪን መሥራት ነበር። «ቀላል» እና «የላቀ»። አልሠራም። ጀማሪዎቹ «የላቀ» የሚለውን ቃል ፈርተው ሳይነኩት ወራት አለፉ። ሁለቱ ስክሪኖች ምንም ስለማይመሳሰሉ ደግሞ አንዱ ላይ የተማሩት ለሌላው አይጠቅምም። ለካ ጀማሪና ባለሙያ ብዬ የከፈልኳቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ዛሬ የሚፈራው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ቀልጣፋ ይሆናል። እኔ ግን መንገዱን መሃል ላይ ቆርጬበት ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ጥዬ አንድ ስክሪን ሠራሁ። ሁልጊዜ የሚሞሉት አራት ቦታዎች ፊት ለፊት፣ ሌላው «ተጨማሪ» ከሚለው ሥር። አንዴ የከፈተው ሰው ነገም ተከፍቶ ያገኘዋል። የታብ ቅደም ተከተሉን ከወረቀቱ ጋር አስማማሁት። «መዝግብ» ከሚለው ጎን የኪቦርድ አቋራጩን «ኮንትሮል ኤስ» ብዬ በትንሹ ጻፍኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ማኪንቶሽ፣ ሜኑ ላይም አቋራጩ ከትእዛዙ ጎን ተጽፎ ነበር። በማውዝ የሚሄደው ሰው በየቀኑ ያየዋል፤ አንድ ቀን እጁ ራሱ ይሞክረዋል።

ብዙ የሚነኩትን በተን በራሱ ወደ ላይ ማምጣትም አምሮኝ ነበር። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2000 ላይ ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ሜኑው ብዙ ያልነኩትን ትእዛዝ ይደብቃል። እጅ የሚያስታውሰው ቦታን ነው። ቦታው ከተቀያየረ ቀልጣፋው ሰው እንደገና መፈለግ ይጀምራል። ተውኩት።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ማጥፋት ላይ ሁሉ አስገብቼው ነበር። እኚያ እናት ጥያቄውን አያነቡትም። በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ማን ያነባል? ጣታቸው ለምዶት ኢንተር ይላል። አንድ ቀን መጥፋት የሌለበት መዝገብ ጠፋ፤ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄደ። ጥያቄውን አንስቼ በቦታው «መልስ» የሚል በተን አደረግኩ። ያጠፉት ወዲያው ይጠፋል፣ ከፈለጉ ደግሞ ይመለሳል። የገረመኝ የጀማሪዎቹ ነገር ነው። የሚመለስ መሆኑን ሲያዩ ደፍረው መነካካት ጀመሩ። ድፍረቱን የሰጣቸው የእኔ ማብራሪያ ሳይሆን ያቺ በተን ናት።

ሌላው ፍጥነት ነው። የዕቃው ስም ተፈልጎ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበር። ጀማሪ አያስተውለውም። እኚያ እናት ግን ቀጣዩ ቦታ ሳይደርስ መጻፍ ስለሚጀምሩ ፊደሎቹ ይዋጣሉ። 125 ብለው የጻፉት 5 ሆኖ ይገባል! ይህን ያወቅኩት ጣታቸውንና ስክሪኑን አንድ ላይ ሳይ ብቻ ነው። በዚህ ሙያ ሰው መዘግየት እንዳይሰማው መልሱ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ይድረስ ይባላል። እዚያ ለመድረስ የዕቃዎቹን ዝርዝር አስቀድሜ መጫን ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነው።

የወር መጨረሻ ሪፖርቱን ግን፣ እንደ መጀመሪያው ምዝገባ በአምስት ገጽ የከፋፈልኩትን፣ እንዳለ ተውኩት። በወር አንዴ ስለሚሠራ ማንም አይለምደውም። እኚያ እናትም እዚያ ሲደርሱ ማውዙን ይይዛሉ፣ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፣ ቀስ ብለው እያነበቡ «ቀጥል» ይላሉ።