ስጎ መስሎኝ የጀመርኩት ራጉ

እኛ ቤት ስጎ ማለት ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት ተቁላልቶ፣ የተፈጨ ሥጋ ገብቶበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚወጣ ነገር ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ አሠራሩን ግን ለራሳችን አስተካክለነዋል። የጣልያኗ ከተማ ቦሎኛ ውስጥ ቃርያ ያለበት ስጎ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቦሎኛዎች ራጉ የሚሉትንና ሰዓታት የሚፈጀውን የሥጋ ስጎ ልሞክር ስል ብዙም አልፈራሁም፤ ወጥ መሥራት እችላለሁ ብዬ።

መጀመሪያ ያበላሸሁት ሥጋ ቤቱ በር ላይ ነው። ጥሩ ይሆናል ብዬ ንጹሕ ቀይ ሥጋ አስፈጨሁ፤ አራት ሰዓት ተቀቅሎ አሸዋ አሸዋ አለኝ። አሁን የምገዛው ፍሪምባ ወይም ወርች ነው። ጅማቱ ቀስ ብሎ ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። ጣልያኖቹ ፓንቼታ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ይጨምሩበታል፤ እኔ በምትኩ የበሬ ጮማ በደቃቁ ከትፌ አቀልጣለሁ።

በሁለተኛው ሙከራ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ሰለሪውን (ደብረ ብርሃን ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው) በጮማው እያለሰለስኩ ሳለ የቤት አከራዬ ገቡ።

«ልጄ፣ ይሄ ሽንኩርት እኮ ገና ጥሬ ነው» አሉኝ።

«እንዳይቀላ ነው እማማ።»

«ያልቀላ ቁሌት ምን ይሆናል?»

ሰማኋቸውና እንደ ዶሮ ወጥ አጠቆርኩት። የወጣው በርበሬ የተረሳበት ዶሮ ወጥ ነው። ለራጉ ሽንኩርቱ ከሥጋው በብዙ ያንሳል፤ መልኩን ሳይለውጥ መለስለስ ብቻ ነው ያለበት።

የዚያኑ ቀን ወተቱም ጉድ ሠራኝ። አዎ፣ ወተት ይገባበታል፤ የጣልያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 ቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ባስመዘገበው አሠራር ውስጥ አለ፤ የቲማቲሙን ኃይል ያበርዳል። እኔ ግን ቀይ ወይኑ ሳይተን፣ የቲማቲሙ ድልህ እየተንተከተከ ሳለ ቀዝቃዛ ወተት ገለበጥኩበት። ወዲያው ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ሆነ። እማማ ድስቱን አጎንብሰው አዩና «አይብ አወጣህበት እኮ!» ብለው ሳቁ። አሁን የወይኑ ሽታ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፣ ወተቱን ለብ አደርጋለሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ።

በሦስተኛው ያስቸገረኝ እሳቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ እንደ ቆላው አይደለም፤ ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ፈጀብኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ሆኖም ያሳርራል። ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጣደ መብራት ጠፋ። እየተነጫነጭኩ ከሰል አያያዝኩና ፍሙን አመድ አልብሼ ድስቱን ጣድኩ። የፈለግሁት እሳት ያ ኖሯል! ድስቱ መሐል አንዷ ፍልቅ ትላለች፤ ዝም ይላል፤ ቆይታ ጥግ ላይ ሌላዋ ፍልቅ። ሲደርቅ ብቻ ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ አደርግበት ነበር። መድረሱን የነገረኝ ያው የወጡ ምልክት ነው፤ ቅባቱ ከላይ ተንሳፈፈ።

ቦሎኛዎች ራጉን በስፓጌቲ አይበሉትም፤ ታሊያቴሌ በሚሉት ጠፍጣፋ ፓስታ ነው። ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል አድርጌ አቦካሁ፤ በጠርሙስ ዳምጬ በቢላ ቆረጥኩት። ወፍራምና ቀጭን የተቀላቀለበት ሆነ፤ ተበላ።

እማማ ሁለት ሹካ ቀምሰው «ፓስታው ይቅር፣ ይሄንን በእንጀራ አድርግልኝ» አሉ። ቤት ውስጥ እንጀራ አልነበረኝም። የተረፈውን ከድኜ መስኮቱ ላይ አሳደርኩት፤ በኅዳር ብርድ እዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ጠዋት የረጋውን ስብ በማንኪያ ስሰብር በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ሁለት እንጀራ ይዘዋል።