ሲያገረሽ

ዛሬ ከሰዓት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። የልጇ የደም ካንሰር፣ ያ ኤ ኤል ኤል የሚሉት፣ እንዳገረሸ ሰሞኑን ተነግሯታል። የላቦራቶሪ ወረቀቶቹን ከፌስታል አውጥታ ረከቦቱ አጠገብ በየቀናቸው ደረደረቻቸው። «አቦ፣ በቃ አለቀለት ማለት ነው?» አለችኝ። ነርስ ስለሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው።

አላለቀለትም። ሕፃናት ላይ ትልቁ ጥያቄ መቼ አገረሸ የሚለው ነው። በሽታው በታወቀ በ18 ወር ውስጥ ከተመለሰ ከባድ ነው። ሕክምናው አልቆ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ከመጣ ግን ተስፋው ይሰፋል። የእሷ ልጅ ከጨረሰ ዓመት አልፎታል። ባደጉት አገሮች ካገረሸባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ይተርፋሉ። አዋቂ ላይ ግን 5 ዓመት የሚሻገሩት ከ10 ሰው 1 ያህል ናቸው። የአዋቂ በሽታ መድኃኒትን አብዝቶ ይቋቋማል፤ ሰውነቱም ጠንካራውን ኬሞ እንደ ልጅ አይችለውም።

ካር-ቲ የሚባለው ሕክምና የታማሚውን የራሱን ነጭ የደም ሴል ካንሰሩን እንዲያጠቃ ይለውጠዋል። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

እኛ ጋ ልጆች የሚያመልጡን በኢንፌክሽንና ሕክምና በማቋረጥም ነው። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ከድሬ አዲስ አበባ ተመላልሶ መታከም፣ ማረፊያ መከራየት ቀላል አይደለም። ለእናቲቱ ደጋግሜ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

ሰኞ ይሄዳሉ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ለእናትና ልጅ ማረፊያ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።