የተንጋደደው ዝርዝር

ትናንት ለሥራ ባልደረባዬ የዕቃ ዝርዝር በኢሜይል ላክሁላት። ያለ ምንም ማስዋቢያ፣ ጽሑፍ ብቻ። እኔ ጋ ቁጥሮቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው ነበር። እሷ ጋ ሲደርሱ ተበታተኑ። «ምን ጉድ ነው የላክህልኝ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁጥሮቹን ለማሰለፍ ታብ (ወደ ፊት የሚያዘልለውን ቁልፍ) ተጠቅሜ ነበር። የታብ ስፋት ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። በስፔስ (በባዶ ቦታ) ቀየርኩት። አሁንም ጠመመ! ለካ የኛ ፊደል ስፋቱ እኩል አይደለም። «ሐ» ሰፊ፣ «ር» ቀጭን። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ስፋት ያላቸውን ፎንት (የፊደል ቅርጽ)፣ ኩሪየርን ብትመርጥ እንኳ የግዕዝ ፊደል እዚያ ስለሌለ ከሌላ ፎንት ነው የሚመጣው።

በመጨረሻ ቁጥሩን ከፊት፣ ስሙን ከኋላ አደረግኩ። በአብዛኛው ፎንት ቁጥሮች እኩል ስፋት አላቸው። ነጠላዎቹ ላይ ዜሮ ጨመርኩ፦

04 ኪቦርድ
12 ማውስ

መስመሩንም ከ78 ፊደል አላሳለፍኩም፤ የኢሜይል ደንቡም የሚመክረው ይህንኑ ነው። «አሁን ገባኝ» ብላ መለሰች። ኪቦርዶቹ ግን አምስት ናቸው አለች።